ነፍስን ሚዛን ላይ አታውጧት

ልጆቼ፣

እዚህ ሐዋሳ ሳይኮሎጂ መማር የጀመረ ወጣት ሲያገኘኝ «ሳይንሱ ነፍስ የለችም ይላል እንዴ?» ይለኛል። አይልም። አለችም አይልም። ይህን ቶሎ ከተረዳችሁ ከብዙ ጭቅጭቅ ትገላገላላችሁ።

ጀርመናዊው የሳይኮሎጂ ሊቅ ዊልሄልም ቩንት በ1879 (በፈረንጆቹ) ላይፕዚግ ከተማ ላብራቶሪ ከፍቶ ከአእምሮ ሥራ የሚለካውን መለካት ጀመረ። አሜሪካዊው የሳይኮሎጂ ሊቅ ዊልያም ጄምስ ደግሞ በ1890 ባሳተመው መጽሐፉ ነፍስ ለሳይኮሎጂ ሥራ አታስፈልግም ብሎ ተዋት። ማመን የፈለገ ግን ይመን አለ። ነገሩ ይኸው ነው።

ለመለካት የሞከረም አልጠፋም። በ1907 አሜሪካዊው ሐኪም ዳንካን ማክዱጋል ስለሞከረው ነገር ጽፎ አወጣ። ሊሞቱ የተቃረቡ ስድስት ሰዎችን ከነአልጋቸው ሚዛን ላይ አውጥቶ ነበር። «ነፍስ 21 ግራም ትመዝናለች» የሚባለው ከዚያ የመጣ ነው። የሁለቱን ውጤት ራሱ ጣለው፤ 21 ግራሙም የአንድ ሰው ብቻ ነው። የኛ ሰው እንኳ በዚያ ሰዓት ቄስ ወይ ፓስተር ይጠራል እንጂ ኪሎ አይቆጥርም!

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ከጓደኛችሁ ጋር ተቀምጣችኋል እንበል። የዓሣው ለብለብ ቀርቧል። እሱ ግን እንጀራውን እየቆራረሰ ሳህኑ ዳር ይከምራል፤ አይጎርስም። «ነፍሴ ተጨንቃለች» ይላችኋል። በዚህ ጊዜ «ነፍስ ምንድን ናት?» ብሎ መከራከር ምን ይባላል? «አይዞህ፣ ያልፋል» ብሎ ወሬ መቀየርም ያው ነው።

እንቅልፉን ጠይቁት። ሌሊት ይነቃል? ይወደው የነበረ ነገር አስጠልቶታል? ከጀመረው ስንት ጊዜ ሆነው? ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ እንዲህ ከሆነ የድብርት ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ይየው። አንድ ቀን ከፍቶት ከሆነ ግን «ዲፕሬሽን አለብህ» እያላችሁ አታስደንግጡት፤ ዛሬ ይቺ ቃል እንደ ሰላምታ ሆናለች።

አንድ ከባድ ጥያቄም አለ። «መሞት እያሰብክ ነው ወይ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት። መጠየቃችሁ ያላሰበውን አያሳስበውም። ብዙ ሰው እንዲያውም የሚጠይቀው ሲያገኝ ቀለል ይለዋል። አዎ ብሎ ከመለሰ ለብቻው አትተዉት፤ ያኔውኑ ይዛችሁት ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

ቤተሰቡ «መጀመሪያ ጠበል» ወይም «መጀመሪያ ጸሎት» ሊል ይችላል። አትጣሉ። እናቱን ተቃውማችሁ ልጁን ማሳከም አትችሉም። «እማማ፣ ጠበሉም ይሁን፣ ሐኪሙም ይየው» በሏቸው። መድኃኒት ከጀመረ ደግሞ ተሻለኝ ብሎ በራሱ እንዳያቋርጥ። ጠበል ሲሄድ አብራችሁት ሂዱ፤ ኪኒኑን ቦርሳው ውስጥ መያዙን እዩለት።