«ደረጃ» ወይስ «ምድብ»?

ከባሕር ዳር አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦ «የአካል ጉዳተኞች ዋና ዜና ስተረጉም ‹የኤስ 9 ደረጃ› ልበል ወይስ ‹የኤስ 9 ምድብ›? ባልደረባዬ ቁጥር እስካለው ድረስ ደረጃ ነው ይለኛል።»

ኤስ 9 ዋናተኞች እንደ ጉዳታቸው ተለይተው ከሚወዳደሩባቸው ክፍሎች የአንዱ መለያ ነው፤ ምድብ ይበሉት። ደረጃ ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ መወጣጫ ነው፣ የላይና የታች አለው። መደበ ግን ለይቶ ቦታ ሰጠ ማለት ነው፤ ምድብ፣ ምደባ፣ መደበኛ ሁሉ ከእሱ ይወጣሉ። ከሁሉ የምወደው መደብን ነው። ጎጃም ያደገ ያውቀዋል፤ ከግድግዳው ተያይዞ በጭቃ የተሠራው መቀመጫ። እናቴ በእበት ለቅልቃ አጎዛ ስታነጥፍበት ረጅሙም አጭሩም ጎን ለጎን ይቀመጥ ነበር፤ ቁመቱ ይለያያል፣ መቀመጫው አንድ ነው። በዋናም እንዲሁ ነው፤ እጁ የተቆረጠና ጡንቻው የማይታዘዝለት ሰው በአንድ ምድብ ሊዋኙ ይችላሉ፤ በምደባው የሚመዘነው ጉዳቱ ቀዘፋውን ምን ያህል እንደሚገታ ነውና። ይሁንና መደብን «የመደብ ትግል» ወሰደብን፤ ስለዚህ ምድብ ይሁን።

«ቁጥር ስላለው ደረጃ ነው» የሚለው ክርክር አያስኬድም። ከ1 እስከ 10 የአካል ጉዳት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ እክሉ ይከብዳል። ከ11 እስከ 13 የዓይን፣ 14 የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ነው። ታዲያ ዓይነ ስውሩ ኤስ 11 ከኤስ 10 በምን ይበልጣል? ደግሞም በነፃ ቀዘፋ ኤስ 9 የሆነች ዋናተኛ በደረት ቀዘፋ (መለያው ኤስቢ ነው) ኤስቢ 8 ልትሆን ትችላለች፤ የደረት ቀዘፋ እግርን አብዝቶ ይጠይቃልና። ለአንድ ሰው ሁለት ደረጃ እንስጥ?

«ምደባው ፍትሐዊ አይደለም» የሚለው አቤቱታም በዚህ ቃል ይገባል። ክርክሩ ያለው ወሰኑ ላይ ነው፤ ለጥቂት ወደ ቀላሉ ምድብ ሳያልፍ የቀረውና ለጥቂት ከከባዱ ያመለጠው በአንድ ገንዳ ይወዳደራሉ። እርሻ የሚዋሰን ገበሬ የወሰን ድንጋይ አንድ ክንድ ስትገፋ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ደረጃ ካልነው ግን ነገሩ የሹመትና የሽረት ይመስላል።

ምድብ ለእግር ኳስ ዕጣ የተያዘ ነው የሚሉም አሉ። ምድብ ችሎት በዕጣ ነው እንዴ የተሰየመው?

እርግጥ ከ1 እስከ 10 ያለው ቅደም ተከተል መሰላል እንደሚመስል አልክድም፤ ደረጃም በብዙ ሰው አፍ ገብቷል፣ ስሕተት ነው ልል አልችልም። ጆሮዬ ግን አልተቀበለውም። እስኪ «በኤስ 9 ደረጃ 2ኛ ደረጃ አገኘች» ብለው ይጻፉት፤ ቀጥለው «በኤስ 9 ምድብ 2ኛ ደረጃ አገኘች» ይበሉና ሁለቱንም ጮክ ብለው ያንብቧቸው።