መልስ፦ በክረምት የባሮን ውሃ ለመጠጥ

ጋምቤላ፣ ኢታንግ አካባቢ ባሮ ወንዝ ዳር ተመድበሽ፣ የክረምቱን ውሃ እንዴት እንደምትጠጪ ለጠየቅሽው፦ የእጅ ፓምፕ ካለ ከእሱ ቅጂ። ከሌለ ድፍርሱ ላይ ‘ውሃ አጋር’ የተባለውን የውሃ ማከሚያ ክሎሪን አትጨምሪ፤ ጭቃው ክሎሪኑን ስለሚበላው ጀርሙ አይሞትም። መጀመሪያ በባልዲ አሳድሪው። ጠዋት ዝቃጩን ሳትነካኪ የላይኛውን ብቻ፣ አራት እጥፍ ባደረግሽው ንጹሕ ነጠላ አጥልዪው። ለ20 ሊትር ጀሪካን በራሱ ጠርሙስ ክዳን አንድ ክዳን ውሃ አጋር ጨምረሽ ነቅንቂና 30 ደቂቃ ጠብቂ፤ አሁንም ደፍረስ ካለ ሁለት ክዳን። የክሎሪን ሽታ ጨርሶ ከሌለው አልበቃውም ማለት ነው። ጀሪካኑን ጥላ ውስጥ አስቀምጪ፣ የጋምቤላ ፀሐይ መድኃኒቱን ያደክመዋል። ደግሞ እባክሽ፣ ባሮ አዞ አለበትና ሲመሽ ለመቅዳት አትውረጂ። አጎበሩንም ከፍራሹ ሥር ወትፊው፤ ወባው የሚብሰው ከመስከረም በኋላ፣ ውሃው ሲጎድል ነው።