መልስ፦ በተራራ ጫካ ካምፕ ውስጥ ስለማደር

ውድ ጠያቂ፣ መብራትም ሆነ የቧንቧ ውኃ በሌለበት ትንሽ የተራራ ጫካ ካምፕ ሁለት ሌሊት ለማደር አስበው፣ ድንኳንዎን የት ቢተክሉ እንደሚሻልና ብርዱን እንዴት እንደሚቋቋሙት ጠይቀዋል። በእኔ አስተያየት የሌሊቱን ምቾት የሚወስነው ከድንኳኑ ጥራት ይልቅ የተተከለበት ቦታ ነው። ከፍታው በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀንሳል፤ በዚያ ላይ ሰማዩ በጠራና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ወርዶ ረባዳ ሥፍራ ላይ ስለሚተኛ፣ ወንዝ ዳር ያለው ለጥ ያለ ሜዳ ዓይን ቢማርክም ጥቂት ከፍ ብሎ ካለው ቦታ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ጠዋትም ድንኳንዎን በጤዛ ርሶ ያገኙታል። ቦታውን ከመረጡ በኋላ ቀና ብለው ይመልከቱ፤ የደረቀ ቅርንጫፍ ከተንጠለጠለበት ዛፍ ሥር አይተኙ።

ብዙ ሰው ብርድ ልብስ በላይ በላዩ ይደራርባል እንጂ ከሥሩ የሚያነጥፈውን ይረሳል። የሰውነትን ሙቀት የሚመጠው ግን መሬቱ ነው (ይህን የተማርሁት እስኪነጋ ስገላበጥ አድሬ ነው)፤ ስለዚህ ከተጨማሪ ብርድ ልብስ ይልቅ ወፍራም የስፖንጅ ምንጣፍ ይያዙ። የምንጭ ውኃ የቱንም ያህል ኩልል ያለ ቢሆን አፍልተው ይጠጡ፤ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ከሆኑ ደግሞ ውኃው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ 3 ደቂቃ ያቆዩት። ብርዱ ቢበረታም ከሰል ወይም ምድጃ ድንኳን ውስጥ አያስገቡ፤ ከእሳቱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ገዳይ ጋዝ ሽታ ስለሌለው ተኝተው ሳሉ ሊያስጠነቅቅዎ የሚችል ነገር አይኖርም።