ፋይሉ ተዛውሮ ሳያልቅ መብራት ቢጠፋስ?

የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂ ተማሪ ነኝ ብለሻል። ለሊኑክስ፣ ቶሎ ቶሎ የሚከፈቱ ፋይሎችን ፈጣኑ ዲስክ ኤስኤስዲ ላይ፣ የተረሱትን ዝግተኛው ሃርድ ዲስክ ላይ በራሱ የሚያስቀምጥ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ልትሠሪ አስበሻል። ጓደኞችሽ «ይሄ ሥራ አያስገኝም፣ ዌብሳይት ሥሪ» አሉሽ። አንቺ ደግሞ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ውስጥ ገብቼ ልሥራው ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ሥሪው። ከርነሉን ግን ለጊዜው ተይው። ፋይል ሲስተምን (ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚደራጁበትን ሥርዓት) ከከርነሉ ውጭ እንደ ተራ ፕሮግራም ለመሥራት የሚያስችለው ፊውዝ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሊኑክስ ውስጥ አለ፤ ኮድሽ ቢሳሳት ማሽኑን ይዞ አይወድቅም። ፍጥነት ይቀንስብሻል፣ ይቀንስ።

«ቢካሽ (ኤስኤስዲን የሃርድ ዲስክ ካሽ የሚያደርገው የሊኑክስ መሣሪያ) እያለ ለምን?» የሚልሽ አይጠፋም። ካሽ የሚይዘው ቅጂ ነው፤ ያንቺው ፋይሉን ራሱን ስለሚያዛውር የሁለቱ ዲስኮች ቦታ ይደመራል። ይህን ሳትንተባተቢ መመለስ ልመጂ።

ስቶሬጅ ወይም ዳታቤዝ ላይ የሚሠራ የሥራ ቃለ መጠይቅ አድራጊ ግን ሌላ ነገር ነው የሚያነሳው፦ ፋይሉ ተዛውሮ ሳያልቅ መብራት ቢጠፋስ? ከአንድ ፋይል ሲስተም ወደ ሌላው ሪኔም (ስም በመለወጥ ማዛወር) አይሠራም፤ ከርነሉ ኢኤክስዴቭ የሚባል ስህተት ብሎ ይመልስሻል። ስለዚህ መድረሻው ላይ በጊዜያዊ ስም ትገለብጫለሽ፣ ኤፍሲንክ ትያለሽ (ዳታው በትክክል ዲስኩ ላይ እንዲጻፍ ታስገድጃለሽ)፣ ትክክለኛ ስሙን ትሰጪዋለሽ፣ ማውጫውንም ኤፍሲንክ ታደርጊያለሽ፤ አሮጌውን የምታጠፊው ከዚያ በኋላ ነው። መሀል ላይ ቢቋረጥ ሁለት ቅጂ ይገኛል፤ ሶፍትዌርሽ ሲነሳ የትኛውን ያምናል? እየተገለበጠ ሳለ ሌላ ፕሮግራም ቢጽፍበትስ? ጊዜሽን እዚህ ላይ አጥፊው። ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ መቶ ጊዜ መሀል ላይ ማሽኑን ድንገት አጥፊና ቼክሰም (ፋይሉ አለመለወጡን የሚያሳይ ቁጥር) አወዳድሪ። የከሸፈውንም ሳትደብቂ ሪድሚው (የፕሮጀክቱ መግቢያ ጽሑፍ) ላይ ጻፊ፤ እኔ ብቀጥር መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው።

አንድ ወጥመድ ልንገርሽ። የትኛው ፋይል እንደሚፈለግ ከኤታይም (ፋይሉ መጨረሻ ከተነበበበት ሰዓት መዝገብ) አትገምቺ። ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሊኑክስ ልማድ ይህን ሰዓት ሁልጊዜ የማያድሰው ሬልኤታይም ነው፤ ያልተለወጠ ፋይል በቀን ሺህ ጊዜ ቢነበብም የሚመዘገበው በ24 ሰዓት አንዴ ያህል ነው። የተከፈተበትን ራስሽ ፊውዙ ላይ ቁጠሪ።

ከጎን ለጎን እንደ መርጀርኤፍኤስ (ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሳይ የፊውዝ ፋይል ሲስተም) ያለ ክፍት ምንጭ ፕሮጀክት ላይ አንዲት ትንሽ ስህተት አርሚ፤ የማያውቅሽ ሰው ኮድሽን ሲተች መልስ መስጠት ሌላ ትምህርት ነው።

ለመጀመሪያው ሳምንት ፊውዝም ይቅር። አንድ ፋይል በደህና የሚያዛውር ትእዛዝ ብቻ ሥሪና ላኪልኝ፤ ሲቪሽን ያኔ አብረን እናየዋለን።