አየር ላይ አስሎ የተመለሰ ሞተር

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። የ1946 ሴስና 140 የምትባለውን ትንሽ አውሮፕላን ገዝተህ፣ 3,000 ጫማ ላይ ስትበር አርፒኤሙ (ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር) ከ2,350 ቀስ እያለ ወደ 2,000 ወረደብህ፣ ሞተሩ መንገጫገጭ ጀመረ፣ ዝቅ ስትል ደግሞ ራሱ ተስተካከለ፣ መካኒኩም ከፍቶ አይቶ "ምንም የለውም" አለህ። አሁን ልብረረው ወይስ ይቅርብኝ ነው የምትለው። እኔ መካኒክ አይደለሁም፣ ግን ያንኑ አውሮፕላን ከነ85 ፈረስ ጉልበቱ ኮንቲኔንታል ሞተር ይዤ 11 ዓመት በርሬበታለሁ፣ ሁለቴም ክፉኛ አስደንግጦኛል፣ ከዛ ነው የምነግርህ።

መጀመሪያ መካኒኩን አትውቀሰው። ያልከው ነገር ለኔ የሚሸተኝ የካርቡሬተር በረዶ ነው፣ ማለትም አየርና ነዳጅ የሚቀላቅለው ክፍል ውስጥ የሚጋገር በረዶ፣ በረዶ ደግሞ አርፈህ ሽፋኑ እስኪከፈት ድረስ ቀልጦ ሄዷል፣ ምን ያግኝ ሰውዬው? ብዙ ሰው በረዶ ሲባል ክረምትና ብርድ ይመስለዋል። አይደለም። ነዳጁ ሲተን፣ አየሩም በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ውስጡ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሊቀዘቅዝ ይችላል፣ ስለዚህ ውጭው 20 ዲግሪ ሆኖ እርጥበት ካለ ለበረዶ ምርጥ ቀን ነው፣ ከዛም በላይ ሞቆ ሊይዝህ ይችላል። የኛ ኮንቲኔንታል ደግሞ በዚህ የታወቀ ነው። ብዙዎቹ ላይካሚንግ ሞተሮች ካርቡሬተራቸው ከዘይት ቋቱ ጋር ስለተያያዘ ትንሽ ይሞቃል፣ የኛው ግን ከቋቱ ተለይቶ ለብቻው ስለተንጠለጠለ ያ ሙቀት አይደርሰውም።

አሁን ዋናው ነገር። ካርብ ሂት፣ ማለትም ትኩስ አየር ወደ ካርቡሬተሩ የሚያስገባውን እጀታ፣ ስትስብ መጀመሪያ ይብስበታል! ትኩስ አየር ስስ ስለሆነ ጉልበት ይቀንሳል፣ የቀለጠውም ውሃ ወደ ሲሊንደር ሲገባ ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ አንዳንዴ ሊጠፋ ነው ትላለህ። እኔ የመጀመሪያው ጊዜ ላይ እዚህ ጋ ነው የተሸወድኩት፣ ሳብኩት፣ ተንጫጫ፣ ደንግጬ መልሼ ገፋሁት፣ እንደገና ሳብኩት፣ እንዲህ ስጫወት 800 ጫማ ወረድኩ። ሙሉ በሙሉ ሳበውና እዛው ተወው፣ ግማሽ መሳብ የሚባል ነገር የለም፣ ግማሹ እንደውም ሊያባብሰው ይችላል። ደግሞ አትዘግይ፣ ምክንያቱም ያ ትኩስ አየር የሚመጣው ከጭስ ማውጫው ዙሪያ ነው፣ ሞተሩ ከደከመ ቱቦው ይቀዘቅዛል፣ ቱቦው ከቀዘቀዘ የምትስበው ሙቀትም የለም።

ሁለተኛው ድንጋጤዬ ግን በረዶ አልነበረም፣ እሱን ሰፋ አድርጌ ልንገርህ። ለሁለት ሳምንት ያህል ጠዋት ስናስነሳው መጀመሪያ ላይ በሦስት ሲሊንደር ብቻ ይሄድ ነበር፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ይስተካከላል። እኔም "ይሄም እንደኔ በጠዋት መንቃት አይወድም" እያልኩ ስቄ አለፍኩት። በሦስተኛው ሳምንት 2,500 ጫማ ላይ እየወጣሁ ድው! አለና አውሮፕላኑ በሙሉ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ የጌጆቹ መርፌ እንኳን አይነበብም። እጄ ቀጥታ ወደ ማግኔቶ (ለሻማዎቹ እሳት የሚሰጡት ሁለቱ መሣሪያዎች) ቁልፉ ሄደ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ሁለቱም፣ ምንም ለውጥ የለም፣ የነዳጅ መምረጫውን አየሁ፣ ፕራይመሩ (ለማስነሳት ነዳጅ የሚረጨው የእጅ ፓምፕ) መቆለፉን ነካሁ፣ ሁሉም ደህና ነው። ቀና ስል ፍጥነቱ 80 ማይል የነበረው 55 ሆኗል። እየወጣሁ ስለነበር አፍንጫው ወደ ላይ እንዳለ ረስቼዋለሁ፣ ትንሽ ብቆይ ስቶል አድርጎ፣ ማለትም ክንፉ መሸከም አቅቶት፣ ይጥለኝ ነበር፣ ያውም ሞተሩ ገና እየዞረ! እስካሁን ሳስበው የሚያስደነግጠኝ የሞተሩ ድምፅ ሳይሆን ያቺ 55 ናት።

አፍንጫውን ዝቅ አድርጌ ፍጥነት ያዝኩ፣ ስሮትሉን (የጉልበት መስጫውን) ትንሽ ስመልስለት ንቅጥቅጡ ቀነሰ፣ በዛው ተውኩት። ከፍታ ለመያዝ አይበቃም ግን አወራረዱ ቀርፋፋ ነው። ከታች የታጨደ እርሻ ነበር፣ ራንዌዩ ደግሞ 6 ኪሎሜትር ያህል ይርቃል። ወደ ራንዌዩ ዞርኩ፣ ግን ዓይኔን ከእርሻው አልነቀልኩም፣ ምክንያቱም በከፊል የሚሰራ ሞተር ከቆመ ሞተር ይልቅ ያታልላል፣ "ያደርሰኛል" ትላለህ፣ መሀል ላይ ጥሎህ ይቆማል። ራንዌዩ በእርግጠኝነት እጄ ውስጥ እስኪገባ ከፍታዬን አልለቀቅኩም፣ መጨረሻ ላይ በጣም ከፍ ብዬ ስለነበር በጎን አንሸራትቼ አወረድኩት፣ የ140 ፍላፕ (ለማረፍ ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋው ክፍል) እንደሆነ ታውቀዋለህ፣ ለስሙ ነው ያለው።

ሲከፈት የ3ኛው ሲሊንደር የጭስ ቫልቭ ጋይዱ (የሚንሸራተትበት ቀለበት) ውስጥ ተጣብቆ ፑሽሮዱ (ቫልቩን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ) ታጥፏል። ከነዳጁ የሚወጣ የሊድ (እርሳስ የሚባለው ብረት) እና የካርቦን ዝቃጭ ነው ያጣበቀው፣ ያ የጠዋት ማንገራገር ማለት ማስጠንቀቂያው ነበር ማለት ነው። ያንተስ ጠዋት ላይ እንዴት ነው የሚነሳው? ይሄን አልጻፍክም።

ስለዚህ ልዩነቱን ተመልከት። ቀስ እያለ ከወረደ በረዶ ጠርጥር፣ ድንገት ድው ብሎ ከተንቀጠቀጠ ቫልቭ ወይ ሌላ የተሰበረ ነገር ነው፣ በአንዱ ማግኔቶ ላይ ስታደርገው ከለሰለሰ እዛው ተወው፣ ከጠፋብህ ቶሎ መልሰው። የዘይት ግፊት ወርዶ ሙቀቱ እየወጣ ከሆነ ግን ምርመራውን ተወውና ቅርብ ያለው ማረፊያ ላይ እረፍ። ግፊቱ ብቻውን ከወረደ ጌጁ ሊሆን ይችላል፣ ግን እሱን መሬት ላይ ታጣራዋለህ።

ሬዲዮውን የምትነካው ፍጥነትህንና ማረፊያህን ከያዝክ በኋላ ነው። ቀድመህ እያወራኸው የነበረ ሰው ካለ እዛው ንገረው፣ ከሌለ የአደጋ ሞገዱ 121.5 ላይ ጥራ፣ ትራንስፖንደር (ለራዳር መለያ ቁጥር የሚልክ መሣሪያ) ካለህ የአደጋ ኮዱን 7700 አስገባ። ከመሬት ሲነሱ ሞተሩ ቢደክምስ ላልከው፣ ዝቅ ብለህ ወደ ኋላ አትዙር፣ በ60 ዲግሪ ጋደል ብለህ ከፍታ ይዘህ ስትዞር የስቶል ፍጥነትህ በ40 በመቶ ያህል ይጨምራል፣ ፊት ለፊትህ ያለውን መሬት ምረጥ።

አሁን ልብረረው ወይ ላልከው፣ እኔ ብሆን መጀመሪያ መሬት ላይ አስነስቼ፣ አሙቄ፣ 1,700 አርፒኤም ላይ ካርብ ሂቱን እስበዋለሁ። ወደ 100 አካባቢ መውረድ አለበት። ምንም ካልወረደ ኬብሉ ተንሸራቷል ወይም ክዳኑ አይከፈትም፣ ማለትም አየር ላይ የምትስበው ባዶ እጀታ ነው። በእነዚህ አሮጌዎች ላይ የሚያጋጥም ነገር ነው። መካኒኩ ደግሞ ቫልቮቹን ጋይዳቸው ውስጥ ያውዛውዝልህ፣ ፑሽሮድ ቱቦው ላይ ዘይት ካለም ይይልህ። አርፒኤሙ በስንት እንደወረደ ስታገኝ ጻፍልን፣ የዛን ቀን የነበረውን ሙቀትና እርጥበትም ከቻልክ፣ ደግሞ ካርብ ሂቱን ስበኸው ነበር ወይስ ነዳጁን ብቻ ነው ያየኸው?