የጋዝ ስሌት አቃተኝ፤ አንስቴዥያን ልተው?

ጥያቄሽ በአጭሩ ይሄ ነው። የፍሬሽማን ተማሪ ነሽ፤ አንስቴዥያ፣ ማለትም ታካሚን ለኦፕራሲዮን የማደንዘዝ ሙያ፣ መማር ትፈልጊያለሽ። የኬሚስትሪ ሚድ ላይ የጋዝ ቅይጥ ጥያቄዎች ጣሉሽ። ጓደኞችሽ ደግሞ «ይሄ ካቃተሽ አንስቴዥያ አይሆንሽም» አሉሽ።

እህቴ፣ የላክሽልኝን ጥያቄ ደጋግሜ አየሁት። 10 ሊትር በሚይዝ ሲሊንደር ውስጥ 2 ሞል (ሞል የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ ነው) ኦክስጅንና 3 ሞል ናይትሮጅን አለ፤ የኦክስጅኑ ቮሊዩም ስንት ነው? አንቺ 4 ሊትር አልሽ። መምህርሽ 10 ነው ብሎ ኤክስ አደረገበት።

መምህርሽ ልክ ነው። ጋዝ ጥግ ይዞ አይቀመጥም። ሁለቱም ጋዞች ሲሊንደሩን ሙሉውን ይሞሉታል። የሚካፈሉት ግፊቱን ነው፤ ከጠቅላላው ግፊት ሁለት አምስተኛው የኦክስጅኑ ነው። ግን ያንቺም 4 ሊትር ዝም ብሎ የመጣ ቁጥር አይደለም። ኦክስጅኑን ለብቻው አውጥተን፣ ሙቀቱን ሳንለውጥ፣ በዚያው በጠቅላላው ግፊት ብናስቀምጠው 4 ሊትር ይይዛል። ስሌቱን ችለሽዋል። የሳትሽው የተጠየቅሽውን ነው።

ደግሞ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ የሚያስፈልግሽ ያው ያንቺ ስሌት ነው። ማሽኑ ላይ ኦክስጅን በደቂቃ 5 ሊትር፣ አየርም 5 ሊትር ተከፍቷል እንበል። የአየር 21 በመቶው ኦክስጅን ነው፤ ከ5 ሊትሩ 1.05 ሊትር ማለት ነው። ድምሩ ከ10 ሊትር 6.05 ይሆናል። ታካሚው 60 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ያገኛል።

የመምህርሽም መልስ፣ ጋዞች የሚካፈሉት ግፊትን ነው የሚለው፣ እዚያው ይጠብቅሻል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያንሳል። መቶኛው ያው 21 ነው፤ ኦክስጅኑ ወደ ሳንባ የሚገባበት ግፊት ግን ከጅቡቲው ያነሰ ነው። እግረ መንገዴን፣ «1 ሞል ጋዝ 22.4 ሊትር ይይዛል» የሚለው የሚሠራው በ0 ዲግሪና በ1 አትሞስፌር፣ ማለትም በባሕር ጠለል ግፊት፣ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በ20 ዲግሪ 1 ሞል ጋዝ 32 ሊትር ገደማ ይይዛል።

እስከ ፋይናል ድረስ፣ ሁሌ ማስላት ከመጀመርሽ በፊት ወረቀቱ ዳር ላይ ጻፊ፦ ጋዞቹ አብረው ናቸው ወይስ ተለያይተዋል? የተሰጠኝ ግፊት የማን ነው?

በአንድ ሚድ ምርጫሽን እንዳትቀይሪ። የዲፓርትመንት ምርጫ ከመሙላትሽ በፊት ግን ቅርብሽ ያለ ሆስፒታል ሄደሽ አንስቴዥያ የሚሠራ ሰው አነጋግሪ። ስለ ሌሊት ተረኝነቱ ጠይቂ። ተኝቶ ያለ ሰው እስትንፋስ በእጅሽ ሲሆን ምን ዓይነት ስሜት እንደሚሰጥ ጠይቂ። ከተፈቀደልሽም ኦክስጅንና አየር የሚለኩባቸውን የማሽኑን ቱቦዎች እንዲያሳዩሽ ለምኛቸው።