ሕፃናት ባሉበት ቤት ሳሎን ሲሰናዳ፦ ከሶፋው በፊት የቡናው ጥግ

እህታችን፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብሁት። እዚህ ጎንደር፣ አዘዞ የተከራዩት ቤት ሳሎን 4 በ5 ሜትር ያህል መሆኑን፣ የ4 ዓመት ወንድ ልጅና ዓመት ከስድስት ወር የሆናት ሴት ልጅ እንዳሉዎት፣ አማትዎም ለጥምቀት መጥተው አንድ ወር እንደሚሰነብቱ ጠቅሰው፣ ሶፋ ይሻላል ወይስ አረቢያን መጅሊስ፣ ምንጣፉስ ምን ዓይነት ይሁን፣ ያየሁትንስ የመስታወት ጠረጴዛ ልግዛው ወይ ብለዋል። ብዙዎች የሶፋ ፎቶግራፍ ልከውልዎታል። እኔ የምልከው ፎቶግራፍ የለኝም፤ ሦስት ልጆች ያሳደግሁበት፣ ትንሹ ገና 3 ዓመቱን የያዘበት አንድ ሳሎን ግን አለኝና ከእሱ የተማርሁትን ልጻፍልዎ።

ሶፋውንም ሆነ ምንጣፉን ከመምረጥዎ በፊት የቡናው ቦታ የት እንደሚሆን ይወስኑ። ምክሩ ከጥያቄዎ የራቀ ቢመስልዎት አልፈርድብዎትም፤ እኔም የመጀመሪያውን ሳሎኔን ያሰናዳሁት ከሶፋው ጀምሬ ነበር። ነገር ግን የእኛን ሳሎን በስልክ ከምናያቸው የውጭ አገር ሳሎኖች ዋና ልዩ የሚያደርገው በቀን አንድ ጊዜ፣ አንዳንድ ቀንም ሁለት ጊዜ፣ ወለል ላይ እሳት የሚቀመጥበት ክፍል መሆኑ ነው። በእነዚያ ፎቶግራፎች ውስጥ የከሰል ምድጃ ስለሌለ አደራደራቸው ለእኛ ልክ አይሆንም። እሳቱ የሚቀመጥበት ጥግ አንዴ ከታወቀ ግን ሶፋው የት እንደሚቆም፣ ልጆቹ የት እንደሚጫወቱ፣ ምንጣፉ እስከ የት እንደሚደርስ ለመወሰን ብዙም አይቸገሩም።

እኔ መጀመሪያ ረከቦቱን ያኖርሁት ለዓይን ስላማረኝ ብቻ መስኮቱ ሥር፣ ከሳሎን ወደ ማድ ቤት በሚወስደው መተላለፊያ አጠገብ ነበር፤ በላዩም እናቴ የጠለፈችልኝን ጨርቅ ጫፉ መሬት እስኪነካ አልብሼው ነበር። ሁለተኛዋ ልጄ በዓመት ከሁለት ወሯ የጨርቁን ጫፍ ይዛ ልትቆም ስትሞክር ሲኒው ሁሉ በላይዋ ወረደ። ጀበናው ምድጃው ላይ ስለነበር ከስድስት ሲኒ ስብራትና ከድንጋጤ በቀር ጉዳት አልደረሰም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ይህ ግን ለማንም መጽናኛ አይሆንም፤ 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ እንኳ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ክፉኛ ያቃጥላል፤ የሕፃን ቆዳ ስስ በመሆኑም ከዚያ ይፈጥናል።

ዛሬ የቡናው ቦታ ከበሩ በጣም የራቀው ማዕዘን ነው። ቡና የምታፈላው ሰው ጀርባዋን ለአንደኛው ግድግዳ ሰጥታ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ ምድጃው በእሷና በሁለተኛው ግድግዳ መካከል ይገባል፤ ረከቦቱ ከፊቷ ይሆናል። ወደ ቤቱ ክፍት በሆነው በኩል ደግሞ ባለቤቴ እንጨት ሠሪ ዘንድ ያሠራት፣ ቁመቷ 70 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በማጠፊያ የምትታጠፍ የእንጨት ርብራብ ትቆማለች። ርብራቧን ሲያሠሩ እንጨቶቹ ቀጥ ብለው የቆሙ እንጂ የተጋደሙ እንዳይሆኑ ያሳስቡ፤ የተጋደመ እንጨት ለልጅ መሰላል ነው። በመካከላቸው ያለው ክፍተትም የልጅ ጭንቅላት እንዳያስገባ ከ6 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። የ4 ዓመቱ ልጅዎ ርብራቧን ማለፍ አያቅተውም፤ ለእሱ ወለሉ ላይ በቀይ ፕላስተር መስመር አስምረው ከዚያ እንዳያልፍ ማስለመድ ይቻላል። እኔ እስካስለምድ ድረስ ሦስት ሳምንት ያህል ጮኼያለሁ። ጀበናው ከምድጃው ሲወርድ ደልዳላ ማቶት ላይ፣ እጀታው ወደ ግድግዳው ዞሮ ይቀመጥ፤ የረከቦት ጨርቅ የግድ ካስፈለገም ከጠርዙ አንዲት ጣት እንኳ አይውረድ።

መቁላቱን ወደ በረንዳ አወጣሁት። አንዲት ጎረቤቴ «ፊት ለፊት ያልተቆላ ምኑን ቡና ሆነ?» ብላ ታዝባኛለች፤ እኔ ግን የተቆላው ቡና ለእንግዶች እንዲሸተት በምጣዱ መዞሩ ስለማይቀር የጎደለ ነገር አላየሁም። ከሦስቱ ዙር ደግሞ ከአቦል ይልቅ በረካን እፈራለሁ፤ አቦል ላይ ሰው ሁሉ ነቅቶ ይጠብቃል፣ በረካ ላይ ጨዋታው ይደራል፣ ልጆቹም ተሰላችተው መንጎዳጎድ ይጀምራሉ። ከቡናው ጋር የሚቀርበውን ቆሎና ፈንዲሻም አይርሱ፤ ሁለቱም ለትንሿ ልጅዎ ጉሮሮ አደገኛ ስለሆኑ ሳህኑ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይሁን፤ የፈሰሰውም ወዲያው ይጠረግ።

ከሰል ሲነድ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ የምሽት ብርድ ምድጃውን ለሙቀት ሳሎን ውስጥ ማሳደር የሚቃጣን ብዙዎች ነን፤ ፈጽሞ አያድርጉት። ቡናው እንዳለቀ ምድጃው ይወጣል፤ ቡናው ሲፈላም በዚያ ጥግ አቅራቢያ ያለው መስኮት ክፍት ይሆናል። በጥጉ አጠገብ 20 ሊትር የሚይዝ ንጹሕ ውሃ የሞላበት ጀሪካን ለዚሁ ብቻ አስቀምጫለሁ፤ የተቃጠለ አካል ላይ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ እንጂ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት አይገባም፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማችን ደግሞ አደጋ በደረሰበት ሰዓት ቧንቧው ደርቆ ሊገኝ ይችላል።

ወደ መቀመጫው ልምጣ። መጅሊስ ዝቅ ያለ በመሆኑ ልጅ ቢወድቅም እምብዛም አይጎዳም፤ ሹል ጠርዝ የለውም፤ እንግዳ ሲመጣም ሁለት ሰው ያስተኛል። ነገር ግን አማትዎ አንድ ወር ይሰነብታሉ ብለዋል፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አረጋዊት ከመጅሊስ በተነሡ ቁጥር የሚደግፋቸው ሰው ይሻሉ፤ ይህንንም በአፋቸው አይነግሩዎትም። ስለዚህ ሁለቱን እንዲያቀላቅሉ እመክራለሁ፦ በረጅሙ ግድግዳ ሥር መጅሊስ፣ በአጭሩ ግድግዳ በኩል ደግሞ መቀመጫው ከወለል 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ፣ የእንጨት መደገፊያ ያለው ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ሰው ሶፋ። አማትዎ የእንጨቱን መደገፊያ ይዘው ራሳቸው ይነሣሉ። ሙሉ የሶፋ ስብስብ 4 በ5 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ ከገባ ለልጆቹ የሚተርፈው መሐል ጠባብ ነው፤ መሐል ያጣ ልጅ ደግሞ ሶፋው ላይ ይዘላል።

ጨርቁ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ተሳስቻለሁ። የመጀመሪያው ሶፋዬ ነጣ ያለ ከፋይ ነበረ፤ እንዳይቆሽሽ ብዬ ፋብሪካው ያለበሰውን ላስቲክ ሳላወልቅ ሁለት ዓመት አስቀመጥሁት፤ በበጋ ያልበናል፣ በክረምት ይቀዘቅዘናል፤ ልጆቹም በመጨረሻ ላስቲኩን ቀደዱት። በሰው ሠራሽ ቆዳ የተለበጠውም ቢሆን በቀላሉ ይወለወላል ተብሎ ይገዛና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይላላጣል፤ የተላጠውንም ልጆች ወደ አፋቸው ይወስዱታል። የሚበጀው ጠንከር ያለ፣ ቀለሙ ጠቆር ያለና ዝንጉርጉር የጥጥ ጨርቅ፣ በዚፕ የሚወልቅ ልባስ ሆኖ ለእያንዳንዱ ስፖንጅ ለየብቻው የተሰፋ ነው። ለየብቻው የምለው ስለ ውሃው ነው፤ ውሃ በማይመጣበት ሳምንት አንዱን ልባስ በአንድ ባልዲ ማጠብ ይቻላል፤ ሙሉውን ሶፋ ግን አይቻልም። በሐምሌና በነሐሴ የታጠበ ወፍራም ጨርቅ ቶሎ አይደርቅምና አቅምዎ ከፈቀደ ለመቀመጫዎቹ ብቻ ሁለተኛ ልባስ ያሰፉ። ከስፖንጁ በላይ፣ ከልባሱ በታች ደግሞ ቀጭን ላስቲክ ይደረግ፤ ሽንት ስፖንጅ ውስጥ ከገባ በምንም አይወጣም።

ስለ ምንጣፍ፣ ሴራሚኩ ጠዋት ጠዋት እንደሚቀዘቅዝና እርጥብ ሲሆን እንደሚያንሸራትት ያውቁታል። ክፍሉን ሙሉ የሚሸፍን ወፍራም ባለ ረጅም ጸጉር ምንጣፍ ግን አይግዙ፤ ቆሎውን፣ መርፌውን፣ የወደቀውን ቁልፍ ሁሉ ይደብቅና የመጀመሪያ አግኚዋ የምትድኸው ልጅ ትሆናለች። እኔ ከቡናው ጥግ በቀር መላውን ወለል በሚወለወል የፕላስቲክ ምንጣፍ ሸፍኜ፣ ልጆቹ በሚጫወቱበት በኩል ብቻ አጭር ጸጉር ያለው፣ አንድ ሰው ብቻውን ጠቅልሎ ፀሐይ ላይ የሚያወጣው ትንሽ ምንጣፍ አንጥፌያለሁ። የቡናው ጥግ ባዶ ሴራሚክ ነው፤ ፍም ቢወድቅ የሚይዘው ነገር እንዳይኖር። ለበዓል ቄጠማ ሲጎዘጎዝ ሴራሚክ ላይ እንደሚያንሸራትትና ሕፃን እንደሚቀምሰው አስበው ከልጆቹ ቦታ ራቅ አድርገው ይበትኑት፤ ማታውንም ይጥረጉት።

መጫወቻዎቹ ቦታ ከሌላቸው የትኛውም ማስዋብ አንድ ሰዓት አይቆይም። እኔ ክዳን ያለው አሮጌ መሶብ አገኘሁና መጫወቻ መክተቻ አደረግሁት፤ በጣም ያምር ነበር፤ አማቴ ግን እንጀራ የሚቀርብበትን ነገር ለመጫወቻ ማዋሌን አይተው ቀኑን ሙሉ ዝም አሉ። በማግሥቱ በሁለት ቅርጫት ለወጥሁት። እርስዎም ከወዲሁ ያስቡበት። ወደ ቅርጫቱ የሚገባውን ነገር በሶፍት መሐል ባለችው የካርቶን ቱቦ ይለኩት፤ በቱቦዋ የሚያልፍ ማንኛውም ነገር ለትንሿ ልጅዎ መጫወቻ አይሆንም።

ቡፌውና ቴሌቪዥኑ ከቡናው ጥግ ቀጥለው የሚያሠጉኝ ናቸው። ልጅ መሳቢያዎቹን እንደ ደረጃ ስቦ ሲወጣባቸው ቡፌው ወደፊት ይወድቃል፤ የእኛው በግድግዳ ላይ ሳይታሰር ቀርቶ አንድ ጊዜ ተጋድሟል፤ ደግነቱ ሶፋው ያዘው። የብሎኬት ግድግዳ ከሆነ በትራፓኖ ተበስቶ በፊሸርና በቪቴ ይታሰር፤ የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ጭቃው አይዝምና ከውስጥ ያለው ቋሚ እንጨት ተፈልጎ እሱ ላይ ይመታ። የኪራይ ቤት በመሆኑ አስቀድመው አከራዩን ያስፈቅዱ። የታችኞቹን መሳቢያዎች ልጆቹ ቢበትኗቸው በማይጎዱ ነገሮች፣ በፎጣና በፕላስቲክ ሳህን፣ ይሙሏቸው፤ ብርጭቆውና ጌጡ፣ ከወለቃ የገዙት የሸክላ ምስል ካለም፣ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ይውጣ። ሪሞቱ እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ ባትሪ የሚወስድ ከሆነ ክዳኑን በፕላስተር ይጠቅልሉት፤ ያቺ ባትሪ ከተዋጠች ጉሮሮን በ2 ሰዓት ውስጥ ታቆስላለች።

ግድግዳውን ቀለም የሚያስቀቡ ከሆነ የታችኛው አንድ ሜትር በሚታጠብ የዘይት ቀለም፣ የላይኛው ደግሞ በፕላስቲክ ቀለም ይሁን፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት መልክ ካላቸው ክሊኒክ አይመስልም። የተከራዩት ቤት አሮጌ ሆኖ ቀለሙ እየተቀረፈ ከሆነ በደረቁ አያስፍቁት፤ በአሮጌ የዘይት ቀለም ውስጥ ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላልና ረጥቦ ይነሣ፤ ልጆቹም በዚያን ቀን ከቤት ይራቁ። የሠርግ ፎቶግራፉና ሥዕለ አድኅኖው ከፍ ብለው ይሰቀሉ። መጋረጃው ከመስኮቱ ደፍ ጥቂት ብቻ ይውረድ፤ ወለል የሚጠርግ መጋረጃ የልጅ መንጠላጠያ ነው።

ለጥምቀት ቤትዎ በእንግዳ ሲሞላ ይህ ሁሉ እንዳያሳፍርዎት። ጥር 10 ከሰዓት በኋላ ቅርጫቶቹን ወደ መኝታ ቤት፣ ትንሿን ምንጣፍ ወደ አልጋ ሥር አስገብቼ፣ መጅሊሱን ደግሞ ለበዓል በተቀመጠው ልባስ እለብጠዋለሁ፤ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ርብራቧ ግን እንግዳ በበዛበት ቀን ይበልጥ ታስፈልጋለችና አትነሣም፤ አማቴም አሁን ለሚመጣ ሰው ሁሉ ያሳዩዋታል።

የመስታወት ጠረጴዛውን በተመለከተ፣ ታላቁ ልጄ በ3 ዓመቱ በእንዲህ ያለው ጠርዝ ቅንድቡ ላይ ተሰፍቷል። በእኔ ሳሎን መሐል አሁን ጠረጴዛ የለም፤ እንግዳ ሲመጣ ከግድግዳ ሥር የተደራረቡ ትንንሽ በርጩማዎች ለየሰዉ ይቀርባሉ። ቀብድ ካልከፈሉበት ይተዉት። ከፍለውበት ከሆነ ግን እግሩን ይውሰዱና እንጨት ሠሪ ጠርዙ የተሞረደ ክብ የዋንዛ ሳንቃ ይግጠምበት፤ መስታወቱን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ቁም ሣጥን ጀርባ ያቁሙት፤ ትንሿ ትምህርት ቤት ስትገባ ያወጡታል።